ፊልሙ ሲያልቅ ምን ልበላቸው?

ደብዳቤው የመጣልኝ ከአራት ኪሎ ነው። ጸሐፊዋ የ9 ዓመት ሴት ልጅና የ4 ዓመት ወንድ ልጅ እናት ናት። ባለቤቷ አምሽቶ ነው የሚገባው። አማቷ አብረዋቸው ይኖራሉ፤ ጾመኛ፣ ጸሎተኛ፣ ቀናቸውን በዳዊት የሚጀምሩ ሴት ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹ የካርቱን ፊልም ያያሉ። ጭቅጭቁም ያኔ ይጀምራል። ደብዳቤዋን ላሳጥረው፦

«አማቴ በፊልሙ ውስጥ አስማት ካዩ ‹ይሄ የሰይጣን ሥራ ነው› ብለው ያጠፉታል። ባለቤቴ ደግሞ ‹ተረት ነው፣ ተዪአቸው› ይላል። እኔ መሐል ቤት ቀረሁ። የክርስቲያን ቤት ስለሆነ መልካም መልካሙን እንዲይዙ ብዬ ፊልም ባለቀ ቁጥር ‹ዛሬ ምን ተማራችሁ?› እላቸዋለሁ። በቀደም ልጄ ወንድሟን እያየች ‹ደግሞ ጀመረች› አለች። እሑድ ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤት አልሄድም አለችኝ። ለምን ስላት ‹ልቤ አልፈለገም፤ ልብሽን ስሚ ይባል የለ› አለች። ደነገጥኩ። ልከልክላቸው ወይስ እንዴት አድርጌ ላናግራቸው? ይምከሩኝ።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርሽ። ልጅሽ «ደግሞ ጀመረች» ያለችው ፊልም ስላበላሻት አይደለም። ፈተና ስለሰለቻት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ስትጠየቅ ትውላለች። ቅዳሜ ደግሞ ሶፋው ላይ ሆና፣ ፈንዲሻዋ እጇ ላይ እያለ፣ ሳቋ ገና ከፊቷ ሳይጠፋ ያው ጥያቄ ይመጣባታል። የምትፈልጊውን መልስም ታውቀዋለች። «መታዘዝ ጥሩ ነው» ብላሽ ትገላገላለች። ከልቧ ግን ምንም አልነገረችሽም።

ስለዚህ ፊልሙን አትከልክያቸው። ጥያቄሽን ቀይሪ።

ዘዳግም 6፥7 ላይ ቃሉን ለልጆችህ አስተምረው ካለ በኋላ እንዴት እንደሆነም ይነግረናል፦ «በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው»። ተጫወተው! የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እዚህ ጋ የመረጠው ቃል ሁልጊዜ ልቤን ይነካኛል። ጠይቃቸው አላለም፣ አስሸምድዳቸውም አላለም። እኛ ዘንድ ጨዋታ የልጅ ሩጫ ብቻ አይደለም። ቡና ላይ የሚወራውም ጨዋታ ነው። እንግዳ ሲመጣ «ተጫወቱ እንጂ» እንላለን። በአንቺና በልጅሽ መካከል የጠፋው ይሄ ነው።

እኔን ሥዕል ማየት ያስተማሩኝ አያቴ ናቸው። ትንሽ ልጅ ሆኜ ከቅዳሴ በኋላ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ ዘንዶውን በጦር የሚወጋበት ሥዕል ፊት ያቆሙኛል። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ እንደያዙ በቀስታ «ልጅቷን ፈልጊያት» ይሉኛል። እኔ ዓይኔ ዘንዶው ላይ ነው። እፈልጋለሁ፣ እፈልጋለሁ። ከላይ ጥግ ላይ፣ ዛፍ ላይ ወጥታ አገኛታለሁ። ለዘንዶው የተሰጠችው ልጅ ናት። «አገኘኋት!» ስል «ምን ትመስልሻለች? ፈርታለች?» ይላሉ። አንድ ቀን ፈርታለች እላለሁ፣ ሌላ ቀን አልፈራችም። አንድም ቀን አላረሙኝም። ወደ ቤት ስንሄድ ግን እንዲሁ በጨዋታ መሐል ሰማዕቱ ለምን ለማያውቃት ልጅ ብሎ ከዘንዶ ጋር እንደተጋፈጠ ይነግሩኛል።

ያ ሥዕል ዘንዶ አለበት። ደም አለበት። አያቴ ግን አትዪ አላሉኝም፤ ብቻዬንም አላቆሙኝም። የካርቱን ፊልምም ቢሆን ከዚህ የተለየ ብልሃት አይፈልግም።

አሁን ወደ «ልብሽን ስሚ» ልምጣ፤ የደነገጥሽው እዚያ ላይ ስለሆነ። ይሄ አባባል የአንድ ፊልም አይደለም፤ በብዙዎቹ ውስጥ አለ። ልጅሽ ካየቻቸው አንዱ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው «ፍሮዘን» ሳይሆን አይቀርም፤ በዚህ ዕድሜ ያለች የአዲስ አበባ ልጅ ዘፈኑን ሳትይዝ አትቀርም። ኤልሳ የምትባለው ንግሥት የነካችው ሁሉ በረዶ ይሆንባታል። ምስጢሯ ሲወጣ ከከተማው ሸሽታ ተራራ ላይ ትወጣለች። እዚያ ሆና ያንን ዝነኛ ዘፈን ትዘፍናለች፤ ከእንግዲህ ትክክልም ስህተትም የለብኝም፣ ሕግም አይገዛኝም ትላለች። ልጆች የሚይዙት ይሄንን ነው። ዜማው ያምራል፣ የበረዶው ቤተ መንግሥት ያምራል፣ ቀሚሷም ያምራል።

ግን እየዘፈነች ሳለ ከታች ከተማው ምን ሆኗል? በበጋ መሐል በረዶ ተጭኖታል። ወደቡ ረግቷል፣ ሕዝቡ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ነው። ነፃ ወጣሁ ያለችው ልጅ አገሯን ከበረዶ ሥር ቀብራ ነው የሄደችው፤ እሷም አታውቅም። እህቷ አና ተራራ ወጥታ ስትነግራት ትደነግጣለች፣ እዚያው እህቷን ልቧ ላይ በበረዶዋ ትመታታለች። ዘፈኑን ያረመው ሌላ ሰው አይደለም፣ ራሱ ፊልሙ ነው።

ይህንን ለልጅሽ እንደ ስብከት አትንገሪያት። ድገሙት ብለሽ አብረሻት እዪ። ዘፈኑ ሲመጣ አብረሻት ዝፈኚ እንኳን። ከዚያ ስታልፊ «እኔ የምለው፣ እሷ ይሄን ስትዘፍን እነአና ምን እያደረጉ ነበር?» በያት። ይኸው ነው። ራሷ ታገኘዋለች። ራሷ ያገኘችውን ደግሞ ማንም አይወስድባትም።

መጨረሻው ደግሞ ለክርስቲያን ቤት ትልቅ ሀብት ነው። አናን የሚያድናት የእውነተኛ ፍቅር ሥራ ብቻ ነው ተብሏል። ሁሉም የወንድ መሳም መስሏቸዋል፣ ልጆቹም እንደዚያ ነው የሚጠብቁት። አና ግን የምትድንበት ሰው ወደ እሷ እየሮጠ ሳለ እህቷ ላይ ሰይፍ ሲመዘዝ ታያለች። ፊቷን ታዞራለች። በሰይፉና በእህቷ መሐል ትቆማለች፣ እዚያው ደርቃ በረዶ ትሆናለች። በረዶውን ያቀለጠው ያ ነው። «ነፍሱን ስለ ወዳጆቹ ከመስጠት ይልቅ ከዚህ የሚበልጥ ፍቅር ለማንም የለውም» የሚለውን የዮሐንስ 15፥13 ቃል ልጅሽ በቃሏ ታውቀው ይሆናል። አሁን ሥዕል አገኘችለት። ጥቅሱን ግን ያን ዕለት አትጥቀሺው። ሌላ ቀን፣ የስቅለት ሥዕል ፊት ስትቆሙ «አና ትዝ አለችኝ» በያት። ልዩነቱንም ታወሩበታላችሁ፤ አና ለእህቷ ነው የሞተችው፣ ክርስቶስ ለጠላቶቹም ጭምር ነው።

ስለ ልብም የምታስተምሪያት አለ። ለ9 ዓመት ልጅ «የሰው ልብ ተንኮለኛ ነው» ብለሽ አትጀምሪላት። እውነት ነው፣ ኤርምያስ ብሎታል፣ ግን ልጅ ይሄን ስትሰማ «እኔ መጥፎ ነኝ» ብቻ ነው የሚገባት። የዳዊትን ጸሎት ስጫት፦ «አቤቱ፥ ንጹሕ ልብን ፍጠርልኝ»። ልብ ይሰማል፣ ግን መጀመሪያ ይታጠባል። አማትሽ በየጠዋቱ የሚደግሙት ነው፤ እሳቸው ቢነግሯት ደግሞ የበለጠ ያምራል።

ሌላም ነገር አለ፣ በደብዳቤሽ ውስጥ አሳስቦኛል። «ልቤ አልፈለገም» የተዘጋ በር ነው። ከበሩ ጀርባ ምን አለ? ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያሾፍባት ልጅ ይኖር ይሆን? ጓደኛዋ ቀርታ ይሆን? መዝሙሩን አልችል ብላ አፍራ ይሆን? ከፊልሙ የወሰደችው ቃሉን እንጂ ምክንያቱን ላይሆን ይችላል። እዚያው ፊልም ላይ አና ስንት ዓመት የእህቷን በር ስታንኳኳ እንደኖረች አይተሻል። ወላጆቻቸው ኤልሳን ደብቂው፣ አትግለጪው እያሉ ነው ያሳደጓት፤ ለመልካም ብለው። ከልካይነት ብቻውን የሚያመጣው ያንን ነው። ቴሌቪዥኑ ሲጠፋባት ልጅሽ ነገ ስልክሽን ይዛ ብርድ ልብስ ውስጥ ታየዋለች። ያኔ የሚያጫውታት ሰው አይኖርም። ስለዚህ ማታ ስታስተኚያት ጠጋ ብለሽ አንኳኪ። ጌታችንም በደጅ ቆሜ አንኳኳለሁ ነው ያለው።

ጥያቄ አትጠይቂ እያልኩሽም አይደለም። ጌታችን የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ሲጨርስ ትምህርቱ ይሄ ነው ብሎ አልዘጋውም። ከሦስቱ ባልንጀራ የሆነው ማንኛው ይመስልሃል? ብሎ ለሕግ አዋቂው መልሶ ሰጠው። ነቢዩ ናታንም ዳዊትን በቀጥታ አልገሠጸውም፤ አንዲት በግ ብቻ ስላለችው ድኻ ነገረው። ዳዊት በራሱ አፍ ከፈረደ በኋላ ነው «ያ ሰው አንተ ነህ» የተባለው። ታሪክ ሰውን የሚይዘው እንዲህ ነው። «ማን አሳዘነሽ?»፣ «አንቺ ብትሆኚ ትከፍቺለት ነበር?»፣ «እሱ ሰውዬ መቼ ነው መጥፎ መሆን የጀመረው?» ዓይነት ጥያቄ ይበቃል። በአንድ ፊልም አንድ ጥያቄ። አንዳንዱን ፊልም ደግሞ ስቃችሁ ብቻ እለፉት፤ ሁሉም ስብከት አይሁን።

ልጅሽ 9 ዓመቷ ስለሆነ ደግሞ ዳኛ አድርጊያት። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ «ዘ ፕሪንስ ኦፍ ኢጂፕት» የሚባል የሙሴን ታሪክ የሚያሳይ የካርቱን ፊልም አለ። ካያችሁት በኋላ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 2ን ክፈቺላትና «የት የት እንደቀየሩት ፈልጊ» በያት። በፊልሙ ሕፃኑን ከውኃ የምታወጣው የፈርዖን ሚስት ናት፤ በመጽሐፉ ግን የፈርዖን ሴት ልጅ ናት። ይሄን ቶሎ ታገኘዋለች። ከባዱ ሌላው ነው። በፊልሙ ሙሴ ግብፃዊውን የሚገድለው ሳያስበው ነው፤ ገፍቶት ከከፍታ ይወድቃል። መጽሐፉ ግን ወዲህና ወዲያ አይቶ፣ ሰው አለመኖሩን አረጋግጦ ገደለው፣ በአሸዋም ሸሸገው ይላል። «ለምን ቀየሩት?» ብለሽ ጠይቂያትና ጠብቂ። ፊልም ሠሪዎች ጀግናቸው ንጹሕ እንዲሆንላቸው ይፈልጋሉ። መጽሐፍ ቅዱስ የሙሴን ኃጢአት አልደበቀም፤ እግዚአብሔርም ያንን ሰው ነው የጠራው። ይሄን ያገኘች ልጅ ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ፊልም ዓይኗን ገልጣ ነው የምታየው።

ወደ አማትሽ ልምጣ። እባክሽ እንደ ኋላ ቀር አትቁጠሪያቸው። ልጅሽ «ኤልሳ አስማት አላት» ስትል እሳቸው የሚሰሙት ሌላ ነው። ለእሳቸው አስማት ማለት ድግምት ነው፣ መተት ነው፣ ሰው የሚጎዳበት የጨለማ ሥራ ነው። በልጅነታቸው በተረት ሳይሆን በጎረቤት ቤት የሰሙት ነገር ነው። የሐዋርያት ሥራም ጠንቋዩን ሲሞንን አይምርም፤ የመንፈስ ቅዱስን ኃይል በገንዘብ ልግዛ ብሎ ነበርና። ስለዚህ ለልጆቹ ልዩነቱን አንቺ ንገሪያቸው። በተረት ውስጥ የሚበር ምንጣፍ ጨዋታ ነው። በእውነተኛው ዓለም ጠንቋይ ቤት መሄድ ግን እኛ የማናደርገው ነገር ነው። አማትሽ ይሄን ስትዪ ቢሰሙሽ ግማሹ ፍርሃታቸው ይወርዳል።

ደግሞ እሳቸው ራሳቸው የተረት ሰው ናቸው ብዬ እገምታለሁ። የእንኮዬ ጦጢትንና የአያ ጅቦን ተረት ሳይሰማ ያደገ ማን አለ? አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ለስንት ዘመን ልጆች ያወሩልን የሚናገሩ እንስሳትን ታሪክ ነው። ጦጣ እየተናገረች ሰይጣን አልተባለም፣ ምክንያቱም የሚተርከው ሰው አጠገባችን ነበር፤ ትርጉሙንም እየነገረን። ስለዚህ ቅዳሜ ቡና አፍይና አማትሽን ሶፋው መሐል አስቀምጫቸው። ፊልሙ ሲያልቅ «እማማ፣ ይሄን የሚመስል የእኛ ተረት የትኛው ነው?» በያቸው። እመኚኝ፣ ያን ዕለት ሪሞቱን አይነኩትም።

ትንሹን ልጅሽን ግን ከትምህርቱ ተዪው። የ4 ዓመት ልጅ የሚፈልገው ጭን ነው። ለምሳሌ «ፋይንዲንግ ኒሞ» በሚባለው ፊልም ገና ሲጀምር የትንሹ ዓሣ የኒሞ እናት በትልቅ ዓሣ ትጠፋለች። ትልልቆቹ ያልፉታል፣ እሱ ግን ፊልሙ እስኪያልቅ «እናቱስ?» ሊልሽ ይችላል። እቀፊው፤ ያን ሰዓት «እኔ አለሁ» ማለት ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየት በቀን ከ1 ሰዓት መብለጥ የለበትም ብሏል። ሙሉ ፊልም ከዚያ ስለሚያልፍ ለሁለት ቀን ከፋፍለሽ አሳዪው። ስለዚያ ፊልም ሳነሳ፣ ኒሞን ብቻውን ያሳደገው አባቱ ምንም እንዳይነካው እያለ ሲያስጨንቀው ልጁ በእልህ ወደ ጥልቁ ይዋኛል። እሱን አንቺና ባለቤትሽ ብቻችሁን ሆናችሁ እዩት።

የሚዘጋ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። ዩቲዩብን በራሱ እንዲቀጥል ትተሽ ወጥ ቤት አትግቢ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታወቁ የካርቱን ገጸ ባሕርያትን መልክ ወስደው ጸያፍና አስፈሪ ነገር የሚያሳዩ ቪዲዮዎች በልጆች መሐል መገኘታቸው ዓለምን አነጋግሯል። የኤልሳን ፊት አይተሽ አትመኚ። እንዲህ ያለውን ስታገኚ ዝጊው፣ ሳትጮኺ። ከዚያም ለምን እንደዘጋሽው በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሪያቸው። ምክንያቱን የማያውቅ ልጅ ክፋቱን ሳይሆን ቁጣሽን ብቻ ነው የሚይዘው።

አሁን ደግሞ ከቤት ውጡ። «በመንገድም ስትሄድ» ይላልና። አንድ ቀን ልጆቹን ይዘሽ በብሔራዊ ቴአትር በኩል እለፊ። ያንን ትልቁን የድንጋይ አንበሳ ሲያይ ትንሹ «ሲምባ!» ማለቱ አይቀርም፤ «ዘ ላየን ኪንግ» በሚባለው የካርቱን ፊልም ያለው ትንሹ አንበሳ ማለቱ ነው። ጥሩ፣ እዚያው ጀምሪ። ሲምባ ከቤቱ ለምን ጠፋ? አጎቱ አባትህን የገደልከው አንተ ነህ ብሎ ስለዋሸው ነው። አላጠፋም፣ ግን አፈረ፤ በሩቅ አገር «አትጨነቅ» እየተባለ አደገ። የሉቃስ 15 ልጅ ደግሞ በእውነት አጥፍቷል፣ የአባቱን ገንዘብ በትኗል፣ ግን «ተነሥቼም ወደ አባቴ እሄዳለሁ» አለ። ታላቋን እጇን ይዘሽ «አንቺ ብታጠፊ መጀመሪያ ለማን ትነግሪያለሽ?» በያት።

ከዚያ ዝም በዪ። ቶሎ ካልመለሰች አትቸኩይ። መልሱ «ለአንቺ አይደለም» ቢሆን እንኳ ፊትሽን አታጥቁሪ። ለምን እንደሆነ ስትነግርሽ የሰንበት ትምህርት ቤቱም ነገር አብሮ ሊወጣ ይችላል።

አማትሽንም አንድ ነገር ለምኚልኝ። እሑድ ልጆቹን የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ፊት ያቁሙልኝና ልጅቷን ያስፈልጓቸው። ማንኛው ቀድሞ እንዳገኛት፣ ፈርታለች ወይስ አልፈራችም እንዳሉ ጻፊልኝ።